ቤታቸውን በድርሰት ፈተና ለሸጡት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ የቀድሞው ርዕሰ መምህራችን፣ ለሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለቀይ እስክሪብቶው ባለቤት፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የልጅዎ ቤት ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው እያስቸገረዎት ነው ሲሉ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። እኛ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት ከአንድ ጡብ ግድግዳ ማዶ የኖርን ጎረቤቶችዎ፣ ሳልዎ ሳይቀር ናፍቆናል። ሬዲዮዎ ናፍቆናል። ጠዋት ጠዋት መነጽርዎን ፍለጋ ቤቱን ሲያተራምሱት፣ እኛ ከወዲህ ሆነን «ግንባርዎ ላይ ይሆናል» እየተባባልን የሳቅነው ሳቅ እንኳ ናፍቆናል።

ይህን ደብዳቤ ለሁሉም እንዲነበብ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ። የእኛን ደብዳቤ እርስዎ በግቢዎ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብለው ስላነበቡት፣ ወጉ እንዲህ ከሆነ ብዬ ፈለግዎን ተከትዬ ነው። እኔ መቼም የሚያውቁኝ ሰው ነኝ፤ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ትምህርቴን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ የጨረስኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር። ስህተት ቢያገኙብኝ በቀይ ያስምሩበት። ቤተሰባችን ለምዶታል።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። በአረንጓዴው የብረት በርዎ ላይ የለጠፉት ወረቀት እስካሁን ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፦ «ቤቴን የምሸጠው ለገንዘብ ሳይሆን ለሰው ነው። ዋጋው አንድ ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ቤቱን ለምን እንደፈለጋችሁት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። በግራ በኩል ሁለት ጣት ኅዳግ ይተው።» ደላሎቹ ሳቁ። አንደኛው እንዲያውም ጤንነትዎን ጠየቀኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሰው በገንዘቡ ብቻ የማይለካበት አንድ በር በሰፈራችን ተገኘ ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ ሮጬም ለእህቴ ነገርኳት።

የእህቴን ነገር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ይሁንና ሌላውም አንባቢ ይረዳው ዘንድ ልድገመው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎኗን ከመታት ወዲህ የምትኖረው እኔ ዘንድ ነው። አልጋዋ ከእርስዎ ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። አንደበቷ እንደ ልብ ስለማይታዘዛት ሰው ስትፈልግ ግድግዳውን በማንኪያ ትመታለች። እኔ ሥራ ላይ ስሆን ስንት ቀን ማንኪያውን ሰምተው ዘው ብለው ገብተው ውኃ አጠጥተዋታል። አልረሳሁም። ብረሳው ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልቆሰልኩ።

አንዲት ልጇ፣ ነርሷ፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ባሏ ጋር የምትኖረው ሁለት ታክሲ ተይዞ በሚደረስበት ሰፈር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። እናቷን የምታየው በሳምንት አንድ ቀን ነው። እርስዎ የቆረጡትን ዋጋ ባልና ሚስት ለዓመታት ቆጥበውታል። ስለዚህ ማስታወቂያው በወጣ በማግስቱ ባልየው ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ግድግዳውን ለካ፤ ቤቱ የእኛ ሲሆን እዚህ ጋ እንከፍተዋለን ብሎ ከእህቴ አልጋ ግርጌ በነጭ ጠመኔ የበር ቅርጽ ሣለ። እጀታ ሳይቀር ሣለለት። እህቴ ያን ቀን በግማሽ ፊቷ የሳቀችውን ሳቅ፣ በሙሉ ፊቱ የሚስቅ ሰው ላይ አይቼው አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሳለች በጻፈችው ድርሰት ላይ «እናቴ እንደ ጨረቃ ናት» ብትል፣ በቀይ ሰርዘው «ጨረቃዋን አውጪና እናትሽን አስገቢ» ብለው ጻፉባት። እያለቀሰች መጣች። እኔ እንኳ በአንድ ወገን ተናደድኩ፣ በሌላ ወገን ተደነቅሁ፤ ምክንያቱም እኔ እንጀራዬን የምበላው በጨረቃ ነው። «እንባዬን እንደ ዝናብ እያወረድኩ» የሚል መስመር ካላየ ደንበኛዬ ማመልከቻ የተጻፈለት አይመስለውም። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጨረቃ ጽፋ አታውቅም። በሥራዋ ላይ የምትጽፈውን ሪፖርት ቢያዩ ይኮሩባት ነበር፦ በሽተኛው ተኝቷል። ትኩሳቱ ወርዷል። ልጁን ጠይቋል። አለቀ።

ለእርስዎም ያንኑ ያህል ጻፈች፦

«ጋሼ፣ እናቴ የምትተኛው ከግድግዳዎ ማዶ ነው። ስትጠራኝ መስማት እፈልጋለሁ። ቤቱን እንጠብቀዋለን።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር። የቀረው ገጽ ነጭ ነው፤ ኅዳጉን ግን አልረሳችም። እኔ አጎት ነኝና ለመንኳት። እባክሽ ትንሽ እንባ ጨምሪበት፣ የግቢያቸውን የሎሚ ዛፍ እንኳ አንሺላቸው፣ ከፈለግሽ እኔ ላስጊጥልሽ አልኳት። እሷ ግን ወረቀቱን እያጠፈች፣ «አጎቴ፣ እንዲህ ጻፊ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሲያዩት ያውቁታል» አለችኝ።

እኔም አመንኩ። ይህን መስመር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ወንበሩ። ደብዳቤዎቹን ያነበቡ ዕለት ከእኛ አራት ወንበር ተውሰው ሦስት መልሰዋል። አራተኛው፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረው፣ የት እንደገባ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ነገሩ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ትልቁን ብቻ ብጽፍ ቂመኛ እመስላለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ንባብዎ አመሰግናለሁ። ያን ቅዳሜ ሎሚው ሥር ቆመው ሰባት ደብዳቤ አነበቡ። የልጃችንን ሦስት ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ አንብበው ወደሚቀጥለው ሲያልፉ እንኳ አልከፋኝም፤ አስተማሪ የሚወደውን ተማሪ በሰው ፊት አያሞግስም ብዬ ተጽናናሁ። በመጨረሻ የብሎኬቱን ደብዳቤ አነሡ። ብሎኬቱ የምንለው ያንን ብሎኬትና ሲሚንቶ ነጋዴውን ነው፤ ስሙን አውቆ የሚጠራው ሰው የለም፤ እሱም በዚህ ከፍቶት አያውቅም።

«ይህን አረንጓዴ በር ባየሁ ጊዜ የእናቴ እቅፍ ትዝ አለኝ» ብለው ጀመሩ። በሩ ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቱ አጥር በተረፈ ቀለም የተቀባ መሆኑን እኔም እርስዎም እናውቃለን፤ ቆርቆሮውን የያዝኩልዎ እኔ ነበርኩ። ቀጠሉ። «የሎሚው ቅጠል በስሜ የጠራኝ መሰለኝ።» ሰው መሳቅ ጀምሮ ነበር። ብሎኬቱ ራሱ ከኋላ ተቀምጦ፣ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ እንደተገኘ እንግዳ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ መጨረሻው መስመር ደረሱ፦ «በዚህ ግቢ አንድ ታላቅ አባት እንደ ጨረቃ ሲያበራ መኖሩን ግድግዳው ሁሉ ይመሰክራል።»

ቆሙ። እጅዎ ወደ ደረት ኪስዎ ሲሄድ አየሁ። አሁን ቀዩን እስክሪብቶ ሊመዙ ነው፤ አሁን ጨረቃዋን ሊያወጧት ነው ብዬ የእህቴን ልጅ በክርኔ ነካ አደረግኋት። እርስዎ ግን መሐረብ አወጡ።

በኋላ በሩ ላይ አግኝቼዎ ቤቱን ለምን ለብሎኬቱ እንደሰጡት በትህትና ስጠይቅዎ የመለሱልኝ መልስ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፤ እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ አንድ ሰው የለም።» ለዚህ መልስ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። ቤት ገዢ የሚጽፈው ደብዳቤ የሻጭን ልብ ያነቃንቃል ወይስ አያነቃንቅም እያለ ሰው ሁልጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ይከራከራል። አሁን መልስ አለኝ። ያነቃንቃል። ብቻ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ሻጩ መጻፍ አለበት። የሚተኛበት ሰው፣ የሚጠራ ሰው፣ የሚሰማ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ትርፍ ነው። ሻጩን ጨረቃ አድርጎ፣ ኅዳግ ትቶ ማስረከብ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ እርማትዎ። የልጃችንን ደብዳቤ በፖስታ አድርገው ሲመልሱልን፣ ከታች በቀይ እንዲህ የሚል ሰፍሮበት ነበር፦ «ስሜት ይጎድለዋል። ምሳሌ ጨምሪ። ስድስት ከአሥር።» የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ በእጇ ስንት ሰው ተወልዷል፣ ስንት ሰው ዓይኑን ከድኗል። ወረቀቱን ይዛ እኛ ግቢ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ጨረቃዋን አውጪ ያሉኝ እሳቸው አልነበሩም እንዴ?» አለች። በስምንተኛ ክፍል ስታለቅስ አባብያታለሁ፤ ለዚህኛው ግን ማባበያ አጣሁ።

ስድስተኛ፣ ቤትዎ እንዴት እንደሰነበተ ማወቅ ስለሚገባዎ። ብሎኬቱ በገባ በአራተኛው ቀን የእናቱን እቅፍ ከነማጠፊያው ነቅሎ መኪና በሚያስገባ ሰፊ በር ተካው። በስሙ የጠራችውን ሎሚ ከሥሯ ቆረጣት፤ ምን ብላ እንደጠራችው እንጃ። ግቢው ብሎኬት መደርደሪያ ሆኗል። እርስዎ ይተኙበት የነበረው ክፍል፣ ከእህቴ አልጋ ማዶ ያለው፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ሲሚንቶ ተጭኖበታል። ያ ቤት ሰው የሚኖርበት መሆኑ ቀርቷል። እህቴ ይህን ነግረናት ገብቷታል፤ እጇ ግን አልገባውም። እኔ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ስውል አሁንም ማንኪያዋን አንሥታ ግድግዳውን ትመታለች። በፊት እርስዎ ይሰሙ ነበር። ወደፊት ልጇ ልትሰማ ነበር። አሁን የሚሰማው ሲሚንቶ ነው፤ እሱም እንደሚያውቁት በውኃ እንጂ በድምፅ አይነቃነቅም። ቧንቧ ሠራተኛው የጠመኔውን በር በእርጥብ ጨርቅ ሊያጠፋው ቢሞክር ማንኪያዋን አነሣችበት፤ ተወው። እንዳለ አለ፤ ከነእጀታው።

ሰባተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። በሰባተኛው ላይ ሰው መሳደብ ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ እርስዎን ሰድቤ ማደር አልችልም፤ ያጠጧት ውኃ ይከለክለኛል።

እንግዲህ ለሃያ ስድስት ዓመት ጉርብትናዎ፣ ለአንድ ጨረቃ ስረዛዎና ለአንድ ጨረቃ እንባዎ ያለኝን ምስጋና እንዲቀበሉኝ እየለመንኩ፣ ደረጃው እንዲቀልልዎ፣ መነጽርዎም በየጠዋቱ በቶሎ እንዲገኝልዎ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከአንድ ጡብ ግድግዳ ጋር፣
የነርሷ አጎት፣ የማንኪያዋ ባለቤት ወንድም፣ የሦስት ወንበር ባለቤት

ተጨማሪ፦ ያዙልኝ ያልኩት መስመር አለ፤ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ብሎኬቱ ጻፍልኝ ብሎ የመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልመልሰው ይገባኝ ነበር፤ ተንኮሌ አሸነፈኝ። ለዚህ ሰው እኔ ካልጻፍኩለት ሌላው በደንብ ይጽፍለታል፤ እኔ ግን ርዕሰ መምህሩ በሕይወታቸው የሰረዙትን ሁሉ ሰብስቤ ብጽፍለት ከመጀመሪያው መስመር ሳያልፉ ይጥሉታል ብዬ አሰብኩ። እቅፉን ጻፍኩ፤ ሎሚዋን አናገርኩ፤ ጨረቃዋን እንደ ማኅተም መጨረሻ ላይ አሳረፍኩ። እየሳቅሁ ነበር። በቀይ እስክሪብቶዎ ያን ያህል ተማምኜ ነበር፤ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ካላመኑኝ፣ ለደንበኛ የምጽፈውን ሁሉ በካርቦን ቅጂ አስቀራለሁና፣ ያለቀሱበት ደብዳቤ ቅጂ እጄ ላይ አለ።

ባለፈው እሑድ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። የእናቷን አንሶላ እያጠፈች ሰማችኝ። ከዚያ ቅጂውን ተቀብላኝ እስከ መጨረሻው አነበበች፣ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ፣ ኅዳጉ ላይ ጻፈች፤ ሁለት ጣት ስለተውኩ ቦታ አልጠበባትም። «ስድስት ከአሥር። ለሁለታችሁም።» ሲካፈል ሦስት ሦስት ይደርሰናል። የእርስዎን ሦስት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ የእኔን ከጠመኔው በር አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።