ለማዋለጃ ክፍላችን ስለደረሰው የስልክ ቻርጀር

ለተከበሩ አቶ በኃይሉ፣ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ አሳስቦኛል፤ የሆስፒታሉ ገመድ አልባ ስልክ በተመረቀ ዕለት በዚያ ብርድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ንግግር አድርገዋልና።

እኔ አዋላጅ ነርስ እየሩስ ነኝ። ወይዘሮ ጌታነሽ ከወለዱ በኋላ ደም ሲፈሳቸው፣ ዘመናዊ ስልክ ተዘርግቶልኝ ሳለ ለሐኪም ባለመደወሌ ለሞታቸው ተጠያቂ መሆኔን የሚገልጸው ማስጠንቀቂያዎ ደርሶኛል። እርስዎ ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስላስለጠፉት፣ እኔም መልሴን ከጎኑ መለጠፌ ጨዋነት መስሎኝ ነው።

1ኛ. ስለ ቀፎዎቹ። ስምንቱን ቀፎ በሥራ ደረጃ ሲያድሉ ፍትሕዎን አድንቄያለሁ። ለእርስዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለዕቅድ፣ ለሰው ሀብት፣ ለግዥ፣ ለንብረት ክፍልና ለሕዝብ ግንኙነት አንዳንድ ደረሳቸው፤ ስምንተኛው ለእንግዳ ተብሎ መሳቢያዎ ውስጥ ተቆለፈበት። ቻርጀሩ ግን ዘጠኝ ሆኖ ስለተገኘ፣ ትርፉ ለማዋለጃ ክፍል እንዲሰጥ በደግነትዎ ወሰኑ፤ እኔም ፈርሜ ተረከብሁ። መብራት ሲኖር አረንጓዴ ያበራል። በደብዳቤዎ ደውይበት ያሉኝ እሱ ከሆነ፣ በየት በኩል ወደ ጆሮ እንደሚጠጋ ሥልጠና አልተሰጠኝምና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

2ኛ. ስለ አንቴናዎቹ። የገጠማው ባለሙያ አንዱን በእኛ ኮሪደር፣ አንዱን በቀዶ ሕክምናው፣ አንዱን በአስተዳደሩ ሕንፃ ሊሰቅል በጠመኔ ምልክት አድርጎ ነበር። እርስዎ ግን ከላይ የሚመጡ እንግዶች በአንድ እይታ እንዲያዩዋቸው ሦስቱንም በቢሮዎ ደጃፍ አስደረደሯቸው፤ ዋናውን ሳጥን ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አለበሱት። የእኛ ድርሻ የሆነው የጠመኔ ምልክት እስካሁን አለ። ጽዳት ሠራተኛችን ወለተጊዮርጊስ እንዳታጠፋው አደራ ብያታለሁ።

3ኛ. ስለዚያ ቀን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከጓሳ በኩል በቃሬዛ የመጣችው ጌታነሽ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ከዚያ ግን ደሙ አልቆም አለ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር የእጅ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ተረኛዋ እኔ ብቻ ነበርሁ። ደሙን ለመግታት የተጫንሁበትን እጄን ከሆዷ ባነሣ ትሞትብኛለች ብዬ ባለቤቷን አስፋውን ሐኪም እንዲጠራ ላክሁት። አስፋው ግቢውን አያውቀውምና አንቴና የተደረደረበትን፣ ጄኔሬተር የሚሠራለትን ሕንፃ መረጠ። ሐኪም ከዚያ በተሻለ የት ይቀመጣል ብሎ ይገምት?

ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ዘበኛው አግዳሚ ወንበር አሳየው። እሱም ሹም ሲሰበሰብ ጥሶ መግባት ነውር ነው ተብሎ ያደገ የመንዝ ሰው ነውና፣ በርኖሱን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ፣ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እርስዎ ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጡት ምክትልዎ በቀፎ ደውለው ድምፁ ጥርት ማለቱን ሲጠይቁ፣ ቤቱም ሲያጨበጭብ ሰምቷል። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ዶክተር ነቢዩ ከቀዶ ሕክምና ወጥተው ማንም ሳይጠራቸው ለጉብኝት ሲመጡ እጄ ገና ሆዷ ላይ ነበር። እሷ ግን አርፋ ነበር።

አስፋው ዛሬም በመቀመጡ ራሱን ይረግማል። እርስዎን አይደለም፣ ራሱን ነው፤ እንደ እርስዎ ዕድለኛ ሹም አላየሁም። እኔም ያን ቀን እየጮኽሁ ባለመሮጤ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ይህን ያህል ጥፋት አምኜ እቀበላለሁ።

የቀረውን ማስጠንቀቂያ ግን ከቻርጀሩ ጋር ጠቅልዬ ለንብረት ክፍል አስረክቤያለሁ። ዘጠኙም አንድ ላይ ሲያበሩ ለቢሮዎ ድምቀት ይሆናሉ።

ከአንቴናዎ ክልል ውጭ የምታዋልድ፣ እርስዎ ባለፉ ቁጥር ከወንበሯ የምትነሣ፣
ትሑት ታዛዥዎ
አዋላጅ ነርስ እየሩስ

ማስታወሻ፦ ነፍሰ ጡር ባለቤትዎን ወይዘሮ እሌኒን፣ ስልኩ በተመረቀ በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተውላቸው እዚያ እንዲወልዱ እንደላኳቸው ሰማሁ። እግዚአብሔር በሰላም ይገላግላቸው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ስልኩ ማዋለጃ ክፍል እንደማይደርስ ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።