ማክሰኞ ማክሰኞ ቤታቸው የነበሩት የአቶ ገቢሳ ዲሪባ የሕይወት ታሪክ

አቶ ገቢሳ ዲሪባ ከአባታቸው ከአቶ ዲሪባ ኢብሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ ጉርሜሳ በ1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ፤ ይህ ሳይሸፋፈን እንዲጻፍ ራሳቸው አዘዋል።

በ1968 ዓ.ም. ካዛንቺስ በሚገኝ ሆቴል በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። የሆቴሉ ስም እዚህ እንዳይነሣ ባለቤታቸው፣ እናታችን፣ ስለከለከሉ አንጠራውም። ቀጥሎ አስተናጋጅ፣ ከዚያም የአስተናጋጆች ኃላፊ ሆኑ፤ ጡረታ ወጥተውም በኮንትራት ተመልሰው በድምሩ አርባ ሰባት ዓመት አገለገሉ።

በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተናኘወርቅ በለጠ ጋር በተክሊል ተጋቡ። እሑድ እሑድ የሰው ሠርግ ስለሚያስተናግዱ የራሳቸው ሠርግ የዋለው በዕረፍት ቀናቸው፣ ማክሰኞ ነበር። ዮሚፍንና የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ መነንን ወለዱ። ፋሲካም እንደ ሠርጉ ወደ ማክሰኞ ተዛወረ። ቤተሰቡ እሑድ በእንቁላል ይፈስክና በጉ እስከ ማክሰኞ ታስሮ ሲጮህ ጎረቤት ያማርራል። የኡራኤሉ የንስሐ አባታችን ሲጠየቁ፣ «ማክሰኞ የቶማስ ዕለት ነው፤ እሱም እሑድ ዕለት አልነበረም» ብለው ፈቀዱ። ዮሚፍ አንደኛ ክፍል ሳለ ፋሲካ ማክሰኞ ነው ብሎ ከመምህሩ ጋር ተከራክሮ ተንበርክኳል። እናታችን ግን የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ በዓሉ በዋለበት ቀን ባላቸው ከጎናቸው ተቀምጠው እንዲበሉ።

በ1998 ዓ.ም. የሆቴልና የመስተንግዶ ሠራተኞች በሳምንት በአማካይ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ የሚያጠና ባለሙያ ወደ ሆቴሉ መጣ። አቶ ገቢሳ አለቃቸው አጠገባቸው ቆመው ስለነበር «አርባ ስምንት» አሉ። ያን ዕለት ብቻ ሥራ ከገቡ አሥራ አራት ሰዓት ሆኗቸው ነበር። ባልደረቦቻቸውም ተከትለው አርባ ስምንት አሉ።

ውጤቱ በሬዲዮ ተነገረ። እናታችን ሽንኩርት እየላጡ ሰሙት። ሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለው ዮሚፍ እንዲያሰላ አድርገው አንድ መቶ ስድሳ ስምንት መሆኑን ሲያውቁ፣ «ታዲያ የቀረውን የት ነው የሚያሳልፈው?» አሉ። ኦሎምፒያ አካባቢ ሌላ ቤት አላቸው ተብሎ ተጠረጠረ፤ ትዳሩ ሊፈርስ ሆነና ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌዎቹም ማክሰኞን ጠበቁ። አባታችን ቀርበው፣ «መዋሸቱን ዋሽቻለሁ፤ ግን ለሆቴሉ ብዬ ነው» በማለታቸው ነገሩ ጭራሽ ባሰ።

በማግስቱ እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆቴሉ ገቡ። ጥግ ይዘው፣ ሻይ አዘው እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። አባታችን ሰባት ጊዜ መጥተው «ሌላ የሚታዘዝ አለ፣ እመቤቴ?» ብለዋቸዋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሲቀመጡ አልታዩም። ክሱ ያን ዕለት ተነሣ። እናታችን ግን እስከ ዛሬ፣ «ከሆቴሉ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሴት እኮ ትተኛለች» ይላሉ።

አባታችን በ2015 ዓ.ም. ሥራ አቁመው የ2016ን ፋሲካ እሑድ ቤታቸው ዋሉ። መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። ሳህን ያነሣሉ፣ ጎረቤቱን «ሁሉም ተስማማዎት?» እያሉ ይዞራሉ። እናታችን «ገቢሳ፣ በቃ ተቀመጥ!» ብለው ሲቆጡ ተቀመጡ፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እናታችን እጃቸውን ይዘው ማንም እንዳይቀሰቅሳቸው ከለከሉ። የ2017ቱን ግን እስከ መጨረሻው ነቅተው፣ ከጎናቸው ተቀምጠው በልተዋል።

ከዚያ በኋላ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታል ሲታከሙ ቆዩ። እዚያም ነርሶቹን ፈረቃቸው ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ ነበር፤ አሥራ ሁለት ያለችውን ነርስ ላለማድከም ውኃ እየጠማቸው ደወል አይደውሉም። ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ሁለት ፋሲካ። እናታችን «አነሰኝ» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው፤ ለሁላችንም አንሶናል።

አብርሃም ራሱ እንግዳ ተቀባይ ነውና በቤቱ አስተናጋጅ አይጠፋም። እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ እዚያ በማዕዱ ከተቀመጡት ጋር ያስቀምጥልን፤ «ልነሣና ላግዝ» ቢሉም እሺ አይበላቸው። አሜን።