የላቦራቶሪው ሰው የአቶ ባዘዘው ወልደ ሩፋኤል ሕይወትና የመጨረሻ ሕመም

አቶ ባዘዘው ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አበረ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በ1938 ዓ.ም. አምበር አጠገብ ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ደብረ ማርቆስ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። በ1960 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ሠልጥነው ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። እናቱን በሕፃንነቱ ያጣውን የእህታቸውን ልጅ ምናለንም እንደ ልጃቸው አሳድገው አስተማሩ።

ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ በማይክሮስኮፕ የሰገራ ምርመራ ሠሩ። ናሙና ያመጣ ሰው አፍሮ ፊቱን ሲያዞር፣ «እኔን እኮ እንጀራ የሚያበላኝ ይኸው ነው፤ ምን ያሳፍራል?» እያሉ ያስቁት ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ ሰውነታቸውም ይከሳ ጀመር። ምናለ በህንድ አገር ሕክምና ተምሮ ተመልሶ ደብረ ማርቆስ በግል ክሊኒክ ይሠራ ነበር። ውኃ አጠጥቶ በአልትራሳውንድ ሲያያቸው፣ አንጀታቸው ውስጥ ወስፋት እንደ ሁለት ጎን ለጎን መስመር ሆኖ ሲንቀሳቀስ ታየ። አቶ ባዘዘው ቀና ብለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ እንቁላሉን ሳይ ኖሬ ባለቤቱን ዛሬ አየሁት!» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ «ምናለ፣ በዚህ አገር ወስፋት የሌለበት ማን ነው? እኔን ያከሳኝ እሱ አይደለም፤ ሌላም ፈልግ» አሉት።

ምናለ ግን ባገኘው ተደስቶ መሣሪያውን አጠፋ፤ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛቸው። ወስፋቱ ወጣ፤ ሕመሙ አልለቀቃቸውም። ቤተሰቡ እንደገና ይታዩ ሲላቸው «ልጄ አይቶኛል» እያሉ አራት ወር ቆዩ።

መጋቢት ላይ ሲታዩ የትልቁ አንጀት ዕጢ ጉበታቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዕጢው በጥቅምት ይታይ እንደነበር፣ ቢታይስ ይድኑ እንደነበር፣ ይህን የሚጽፈው ምናለ ዛሬም አያውቅም። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞችም ለቀዶ ሕክምና ዘግይቷል ብለው መለሷቸው። ምናለ ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት፣ «ውጤቱን አይቼዋለሁ፤ ይልቅ ደግፈኝና ልነሣ» አሉት። ከመደገፍ በቀር የቀረው ሥራ አልነበረም።

አቶ ባዘዘው ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው በ66 ዓመታቸው ሰኔ 9 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ምናለን አራተኛ ልጅ ብለው ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ እሱም ስሙን ከዚያ ሊያወጣ አልደፈረም።

ጌታ ሆይ፣ ለብዙዎች የደከመውን የባዘዘውን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር አሳርፍ፤ ይቅርታ ልንጠይቀው ጊዜ ላጣን ለእኛም አንተው ድረስልን። አሜን።