«ይጩህ ትራክተሩ» በሽያጭ አንደኛ ስለወጣበት እውነተኛ ምክንያት

ለተከበሩ ጓድ ደገፋ ወዬሳ
የከተማችን የኪነት ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ናዝሬት

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም በየማለዳው ከአደባባዩ ምሰሶ ላይ ሆኖ የሚቀሰቅሰንን የድምፅ ማጉያ ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ሱቄ ከመታሸጉ በቀር ደኅና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመቆም ስላረፍኩ የወገቤ ሕመም ተሽሎኛል፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ይህን ደብዳቤ ከማኅተምዎ ጎን በሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ እንዳይመስልዎ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝና ማኅተሙ አለመነካቱን ለማየት በበሬ በኩል እንደሚያልፉ ስለማውቅ፣ ዓይንዎ ያርፍበታል ብዬ ነው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ቢያነበው ግን ማንበብ ያስተማረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነውና ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የጻፍኩትም ሱቄ ሲታሸግ ለምርመራ በሰጠሁት ቃል ላይ አስቀድሞ የሰፈረውን ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ «አንድ ዘፈን በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ የሚሆነው በምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው፣ ሌላው እንዳይደክም በማሰብ ራስዎ መልሰውት ነበር። እኔም ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሴት እንደመሆኔ፣ መልስዎን ለማሟላት ያህል የማውቀውን በምስጋና መልክ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «ይጩህ ትራክተሩ» የተባለውን መዝሙር ግጥሙን ጽፈው፣ ዜማውን መርጠው፣ በኮሚቴው ስም አስቀድተው ስላበረከቱልን አመሰግናለሁ። መግቢያው ላይ እውነተኛ የትራክተር ሞተር ሲነሣ ይሰማል፤ ትራክተሩ ያልደረሳቸው የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ ድምፁ ደርሷቸዋል። በሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ እንዲቀርብም የሴቶች ማኅበር፣ የወጣቶች ማኅበርና የመልካሳ አካባቢ ገበሬዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃልና በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ጠይቀዋል። ሕዝብ እንዲህ ሲተባበር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሬዲዮውም የአድማጭ ቃል አክባሪ ነውና አሰማልን።

ሁለተኛ፤ ባዶ ካሴት ከገበያ በጠፋበት ወቅት፣ የእርስዎን መዝሙር የያዙ ካሴቶች በካርቶን በካርቶን እየታሸጉ ለየሙዚቃ ቤቱ በኮታ እንዲታደሉ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ዋጋቸው ዝቅተኛ ነበር። ክራቸውም ወፍራም፣ የማይጠመጠምና የማይበጠስ ነበር። ይህ ለሙዚቃ ዕድገት ምን ያህል እንደጠቀመ እርስዎ ራስዎ እስከ አሁን የተረዱት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ስለ ኢፍቱ ልነግርዎ እገደዳለሁ።

ኢፍቱ ከወንጂ የሸንኮራ ቆራጮች ሰፈር የመጣች ልጅ ናት። ባሏ ጃራ እዚሁ መናኸሪያው በር ላይ ጋሪ ይነዳ ነበር። በሁለተኛው ዙር የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ጊዜ ከጋሪው ላይ አውርደው ሲወስዱት፣ ጋሪውን የሚመልስለት ሰው አልተገኘም። ፈረሱ ግን መንገዱን ስለሚያውቅ ባዶውን ጋሪ እየጎተተ ብቻውን እቤት ደረሰ። ኢፍቱ በር ስትከፍት ያየችው ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ ከጃራ አንድም ደብዳቤ አልመጣላትም። ለፈረሱ ገለባ ስትሰጥ የምታንጎራጉራትን ነገር ሰምቼ ወደ ሱቄ ጓዳ አስገባኋትና፣ ሆቴል ቤት አኮርዲዮን ይጫወት የነበረ አንድ ሽማግሌ አጅቧት ቀዳኋት። የሕዝቡ ሁሉ አፍ የለመዳት ስንኝ ይህች ናት፦

ጤፉም ታጭዶ ገባ፣ ሽንኩርቱም ደረሰ፣
መቼ ነው ያንተ ቀን፣ ዓመት ተመለሰ።

ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ ኢፍቱን ይዤ ለማስፈቀድ ኮሚቴው ዘንድ ቀረብኩ። እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ ድምፁ ጥሩ እንደሆነ፣ ችግሩ ጥያቄው ላይ እንደሆነ ገለጹልን። «መቼ ነው ብለሽ የምትጠይቂው ማንን ነው?» አሏት። ባሌን ነው አለች። «ባልሽ ይህንን የሚወስን አካል አይደለም» አሏት። እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ማንም ባለሥልጣን ነገሩን እንዲህ ግልጽ አድርጎ አስረድቷት አያውቅም ነበር። ቀጥለውም በቀይ እስክሪብቶ «መቼ ነው ያንተ ቀን» የሚለውን ሰርዘው «ድል ነውና ያንተ ቀን» ብለው አረሙላት። ልኩ ይገጥማል፤ ስለ ልኩ ቅሬታ የለኝም። ኢፍቱ ግን ወረቀቱን ተቀብላ ስታበቃ ሳትዘፍነው እንደምትቀር በትሕትና ነገረችዎት፤ ፈቃዱም ቀረ።

ፈቃድ ያላገኘ ዘፈን በሱቄ መስታወት ውስጥ አልተሰቀለም፣ በድምፅ ማጉያም አልተለቀቀም፣ በሬዲዮም አልተጠየቀም። በአሰላ መስመር አውቶቡስ የሚነዳው ኑሬ ብቻ አንድ ቀን ጓዳዬ ተቀምጦ ሰማውና፣ መንገዱ ረጅም ነው ብሎ ለመነኝ፤ ቀዳሁለት። ሁሩታ ሲደርስ ወራጆቹ ዘፈኑ ሳያልቅ አንወርድም ብለው ተቀምጠው እንደቀሩ፣ እንደገና እንዲያጫውትላቸውም እንደለመኑት ነግሮኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ከሁሩታ ሴቶች መጡ። ቀጥሎ ከመቂ፣ ከዚያ ከመተሐራ፣ ከዚያ እዚሁ ከጎረቤቴ መጡ። አብዛኞቹ ዘፈን ገዝተው የማያውቁ እናቶች ነበሩ። ባዶ ካሴት የለኝም ስላቸው ዓይናቸው የእርስዎ ካርቶን ላይ ያርፋል። «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ፤ «ይጩህ ትራክተሩ» ነው እላለሁ፤ «በዚህ ላይ አይሆንም?» ይላሉ።

ይሆናል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከካሴቱ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በተጣጠፈ ወረቀት ደፈን አድርጎ በመዝሙሩ ላይ መቅዳት ብቻ ነው።

እንግዲህ «ይጩህ ትራክተሩ» ከመቂ እስከ መተሐራ ባሉ ከተሞች በሽያጭ አንደኛ የወጣው በዚህ አኳኋን ነው። ካርቶኑ ባለቀ ቁጥር ሌላ አመለከትኩ፤ ኮሚቴውም በሕዝቡ ፍላጎት መጨመር እየተደሰተ ሌላ ላከልኝ። በአንድ ቤት ለእናት አንድ፣ ለአክስት አንድ እየተባለ ተገዛ። እርስዎም ለዚህ ውጤት የምስጋና ወረቀት ተሸልመው፣ ወረቀቱን እንደያዙ ሱቄ ድረስ መጥተው ስላከበሩኝ ያንን ቀን አልረሳውም።

ሦስተኛው ምስጋናዬም ስለዚያ ጉብኝት ነው። ሱቄ በሴቶች ተሞልቶ ሲያዩ ፊትዎ በራ። ሕዝቡ ከመዝሙሩ ውስጥ በይበልጥ የወደደው ምኑን እንደሆነ ጠየቁኝ። መዋሸት ስለማልወድ «ክሩን ነው ጓድ፤ ክሩ አይበጠስም» አልኩዎት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። እርስዎም ጥቂት አሰብ አድርገው ማስታወሻ ያዙና፣ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ «ሰፊው ሕዝብ የወደደው የማይበጠሰውን የሐሳባችንን ክር ነው» ብለው ተናገሩ። ብዙ ጭብጨባ ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ የአንዲት ካሴት ሻጭ ቃል በመድረክ ላይ እንዲህ ሲከበር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ አብዮቱ በዓል ነው፤ እሱን ሳስታውስ ሳቁም ሌላውም ነገር አብረው ይመጡብኛል።

የዚያን ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ከበላይ አካል የመጡት እንግዶች ከፊት፣ እናቶች በትእዛዝ መሠረት ከመካከል፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። መዝሙርዎ ሊሰማ ሲል የኮሚቴው ካሴት ከማጫወቻው ጋር ተጣላና ቢሮ የተቀመጠ ትርፍ ታጣ። አንደኛ የወጣ መዝሙር በየቤቱ ስለሚገኝ፣ ከአዳራሹ አጥር አጠገብ ከሚኖሩት ከእማማ ቀመሪያ ቤት እንዲመጣ አዘዙ። እማማ ቀመሪያ ወንበራቸው ላይ ሆነው «የእኔ ይቅር፣ አርጅቷል» ብለው ነበር፤ ማንም አልሰማቸውም። ልጃቸው ከጃራ ጋር አብሮ የሄደ ነው።

መጀመሪያ ትራክተሩ ተነሣ፤ ስቀዳ መግቢያውን አልነካሁትም ነበር። እርስዎም ለእንግዶቹ ራስዎን ነቀነቁ። ወዲያው ትራክተሩ ጸጥ አለና የኢፍቱ ድምፅ ገባ።

ማጫወቻው አጠገብ የቆመው ሰው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ግን እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። «መቼ ነው ያንተ ቀን» የሚለው ላይ ሲደርስ እማማ ቀመሪያ ከወንበራቸው ተነሡ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም፤ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አጠገባቸው ያሉት ተነሡ፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ እናቶቹ በሙሉ። የተከበሩት እንግዶች ዞር ብለው ሕዝቡ መቆሙን ሲያዩ፣ መቆም የሚገባው መዝሙር ነው ብለው እነሱም ተነሡ። እንግዶቹ ከቆሙ ደግሞ ሊቀመንበሩ ሊቀመጥ አይችልም። እርስዎም ቆሙ፣ ጓድ ደገፋ፤ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሲያበቃ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አንደኛው እጅዎን ጨብጠው እንዲህ ልብ የሚነካ የትራክተር መዝሙር ሰምተው እንደማያውቁ ሲነግሩዎት ከኋላ ሆኜ ሰማሁ።

በማግስቱ ኢፍቱ ታሰረች፤ ሱቄም ታሸገ።

አምስተኛ፤ ኢፍቱን በቀበሌው እስር ቤት ስላቆዩበት አያያዝ አመሰግናለሁ። እናቶቹ በየተራ ስንቅ ሲያመጡላት አልከለከሉም፤ የሚያመጡት በዝቶ ዘበኞቹ ሳይቀሩ ወፍረዋል። ፈረሱንም እስክትፈታ ድረስ የቀለብኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ የታረመውን ስንኝ ዘፍና ካስቀዳች እንደምትፈታ ተነገራት። እናቷ እስር ቤቱ በር ድረስ መጥታ እያለቀሰች ስለለመነቻት ዘፈነችው፤ «ድል ነውና» አለች። እርስዎም አንድ ቃል አላጎደለችም ብለው ለቀቋት። የታረመው ዘፈን ከፈቃድ ጋር ወደ ሬዲዮ ተላከ። ይህን ጊዜ ማንም የምርጫ ደብዳቤ ማዘጋጀት አላስፈለገውም፤ ሰው በየራሱ የእጅ ጽሑፍ ጠየቀ።

አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ በናዝሬት መንገድ ቢሄዱ አንድ ነገር ይሰማሉ። ሬዲዮው «ድል ነውና» ይላል፤ ቤቱ «መቼ ነው» ይላል። ሬዲዮው ስለ ሕጉ፣ ሰዉ ስለ ራሱ ይዘፍናሉ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስሸጥ፣ አድማጩ የራሱን ድርሻ እቤቱ እንዲያሟላ ተደርጎ የተሠራ ዘፈን አጋጥሞኝ አያውቅም። ክፍቱን ቦታ ያበጁልን እርስዎ ነዎት። ዘፈን ተወዳጅ የሚሆነው በምንድን ነው ላሉት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ኢፍቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልዘፈነችም። አንድ ሰው ስለ አዲስ ካሴት ቢያነጋግራትም እንቢ አለች። እኔም ሄጄ እቤቷ ተቀምጬ ለመንኳት፤ ስሟ በየቦታው መነሣቱን ነገርኳት። ገለባውን ለፈረሱ እየበተነች ሳታየኝ መለሰችልኝ።

«እትዬ ወሰን» አለችኝ፣ «ጥያቄዬን ከወሰዱብኝ፣ መልሱን እነሱ ያምጡልኝ።»

ይህን መልእክት በቀጥታ ለእርስዎ እንዳደርስ አልላከችኝም። ግን የበላይ አካል እጅዎን ሲጨብጥ ስላየሁ፣ ከመካከላችን ለመልሱ የቀረቡት እርስዎ ነዎት ብዬ አደርሳለሁ። ጃራ የጋሪ ነጂ ነው፤ ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ የፈረስ ርግጫ ጠባሳ አለው። ከሚያውቋቸው ሰዎች አንዱን ቢጠይቁልን ሱቁ እንደታሸገ ቢቆይም ቅር አይለኝም።

ላደረጉልንና ወደፊትም ሊያደርጉብን ለሚችሉት ሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣ ቀሪ ዘመንዎ ተገደው የሚቆሙበት ሳይሆን ሰምተው የሚቆሙለት ዘፈን የማይታጣበት እንዲሆን በመመኘት፣ በማኅተምዎና በፀሐይ መካከል ተቀምጣ የምታከብርዎ፣

ወሰንየለሽ ኡርጌሳ
የታሸገው ሙዚቃ ቤት ባለቤት
ናዝሬት፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠቅስም፣ እቤቴ መጥቶ በማስረጃነት የተያዘው የአዳራሹ ካሴት ክሩ ስለተበጠሰ ሌላ ቅጂ እንድሰጠው በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ያ ክር እንደማይበጠስ በራሴ አፍ መስክሬ ስለነበር አፈርኩ፤ እንዴት ሊበጠስ ቻለ ብዬ ጠየቅኩት። ጓድ ሊቀመንበሩ በራቸውን ዘግተው «መቼ ነው» የሚለውን ቦታ እየመለሱ እየመለሱ ስለሚሰሙት ነው አለኝ። ማንን እንደሚጠብቁ አልጠየቅኩትም። ቅጂው ያለው ከታሸገው በር ጀርባ ነውና ማኅተሙን ያስነሡልኝ፤ በጥሩ ክር እቀዳልዎታለሁ።