ሦስት ጊዜ ተነበበ ስለተባለው የድፍረት መጽሐፍ

ለክቡር የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ሳምንት በንባብ ቀን መድረክ ላይ ስለ ድፍረትና ሰውን በመልኩ ስላለመናቅ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ሲናገሩ ጉሮሮዎ ደርቆ ነበርና፣ ድምፅዎ ተመልሶልዎት እንደሆነ ከልብ እየጠየቅኩ፣ እኔ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት የምጠርዘው ሴትዮ፣ የሦስተኛ ክፍሏ የ«ዥንጉርጉሯ» እናት፣ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ። ልጄን በዚህ ስም የሚጠሯት እርስዎ ስለሆኑ፣ ትክክለኛ ስሟን ብጽፍ ማን እንደሆነች እንዳይጠፋዎት ብዬ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላድርገው።

1ኛ. ስለ አንዲት ለምጽ ያለባት ልጅ የተጻፈውን ያንን የልጆች መጽሐፍ አስተማሪዋ ለመድረክ ስታዘጋጅ፣ የልጅቷን ቦታ ይዛ እንድታነብ የመረጠችው፣ እጇና የአፏ ዙሪያ ለምጽ ያለበትን የእኔኑ ልጅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሙጫ ከምቀባበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ስታጠናው፣ እኔም ክርና መርፌዬን እንደያዝኩ ቃል በቃል አብሬ ሸመደድኩት። በዋዜማው ግን እርስዎ እንግዶች እንዳይሳቀቁ ብለው አነሷትና፣ በምትኳ የክፍል ጓደኛዋን ፊቷንና እጇን ነጭ ቀለም አስቀብተው አወጡ። ለምጽ ያላት ልጅ ግቢዎ ውስጥ እያለች ለምጽን ከቀለም ቆርቆሮ የቀዱበት ብልሃት እጅግ አስገርሞኛል።

2ኛ. ልጄን ጨርሰው ስላልጣሏት አመሰግናለሁ። መጋረጃ የመሳብ ኃላፊነት ሰጥተዋታል፤ ያውም ገመዱን በጓንት እንድትይዝ አዘው። ይጋባል ብለው ከሆነ አይጋባም፤ ለዓይን ደስ እንዲል ከሆነም፣ መጋረጃ የሚስብ እጅ ማንም አያይም። እኔ ብቻ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ እርስዎ በተጨበጨበልዎ ቁጥር ከመጋረጃው ጫፍ ብቅ የሚለውን ያንን ጓንት ሳይ ዋልኩ። ጓንቱ ከዚያ ወዲህ ከእጇ አልወረደም። ራቷን በጓንት ትበላለች፤ መጽሐፍ ስትገልጥ ገጹ እያመለጣት ትተወዋለች። ጮክ ብላ ማንበብ ካቆመች ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው።

3ኛ. ቀለም የተቀባችው ጓደኛዋ በማግስቱ አልታጠብም ብላ፣ እንደተቀባች መጥታ ከልጄ ጎን ተቀመጠች። እርስዎም በቧንቧ ውኃ አሳጥበው፣ ሥርዓት ጥሳለች የሚል ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ለአባቷ ላኩ። ግቢው ውስጥ መጽሐፉ የገባው አንድ ሰው ቢገኝ እሱንም ስለቀጡ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ጨነቀኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ልጄን በስሟ ጠርተው፣ ጓንትሽን አውልቂና ያጠናሽውን አንብቢልን ይበሏት። እኔ አውልቂ ብዬ ለምኜ ለምኜ ደክሞኛል፤ ያስጠለቋት እርስዎ ስለሆኑ የምትጠብቀውም የእርስዎን ቃል ነው።

መድረክ አይጥፋብዎ፣ ጭብጨባም አይጉደልብዎ እያልኩ፣ በሙጫ የተጨማለቁ እጆቼን አጣጥፌ እሰናበታለሁ።

ትሑት ጠራዥዎ፣
የዥንጉርጉሯ እናት

የተረሳ ነገር፦ በቆዳ እንድለብድልዎ የላኩት የዚያው የልጆች መጽሐፍ የግል ቅጂዎ ተለብዶ አልቋል። ይህንኑ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ እንዳነበቡትና በሦስቱም ጊዜ እንዳለቀሱ በንግግርዎ ነግረውናል። ይሁንና የእርስዎ ቅጂ ከማተሚያ ቤት የወጣው ጠርዙ በደንብ ሳይቆረጥ ኖሮ፣ ከገጽ ዘጠኝ እስከ አሥራ ስድስት ያለው እርስ በርሱ እንደተያያዘ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው ርእሰ መምህር ልጅቷን ይቅርታ የሚጠይቀውም እዚያው መሐል ነው። ሥራዬ ቢሆንም አልቆረጥኩትም። መክፈቱ ከከበደዎ ሰኞ ለልጄ ይስጧት፣ ጓንቷን አውልቃ በአንድ አፍታ ትከፍትልዎታለች። ለመጽሐፍዎ ደግሞ አይስጉ፤ እጇ ወረቀት ላይ ምልክት አይተውም።