ሳጥን የሆነችው ፊደል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዳንግላ

ዛሬ ራሴን ጠላሁት። የድርጅታችንን ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት አድርገን ከጨረስን ሳምንት አልሞላንም። አሁን የዳንግላም፣ የአዘናም፣ የአዲስ ቅዳምም ቢሮ የሚከፍተው እንጅባራ ሰርቨር ላይ ያለውን አንዱን ዴስክቶፕ ነው። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እንዲቀለኝ ብዬ ከአንድ የአማርኛ ፎንት በቀር ሌላውን ሁሉ አወጣሁ።

ጠዋት የዚህ ቢሮ ጸሐፊ እትዬ ይመኙሻል ጠሩኝ። ለገበሬዎች በአውጝኛ፣ በአካባቢው የአገው ቋንቋ፣ የጻፉት የምርጥ ዘር ማስታወቂያ በየመሀሉ ባዶ ሳጥን ሞልቶታል። አማርኛ የማይጠቀምባት፣ አውጝኛ ግን ያለ እሷ የማይጻፍ ጝ፣ እኔ በተውኩት ፎንት ውስጥ የለችም። እንጅባራ ላይ የጎደለ ደግሞ በሁሉም ቢሮ ይጎድላል።

"ፊደላችንን የት አደረስካት ልጄ?" አሉኝ እየሳቁ።

"ዛሬውኑ እመልሳታለሁ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ግድ የለም። አንተ ቋንቋውን አታውቀው፣ በምን ልታስባት!"

አላረምኳቸውም። አፌን የፈታሁት በአውጝኛ ነው። ኮሌጅ ስገባ በአነጋገሬ እንዳይሳቅብኝ ደበቅሁት፤ ደብቄ ደብቄ ለካ ከራሴም ሰውሬዋለሁ።

እንዲያ እንዳለን ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፣ ከአዘና። አማርኛ አትችልም። እትዬ ይመኙሻል አጠገቤ ስለነበሩ አላነሳሁትም።

ፊደሏን ከሰዓት በኋላ መለስኳት። እናቴ ጋ ግን እስካሁን አልደወልኩም።