ምን አለች? ምን አለ?

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ዛሬ ሪፖርትድ ስፒች ጀመርን። አንድ ሰው የተናገረውን ለሌላ ሰው ማድረስ። አትላስ ያለው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለማስተማር የደረሰችኝ ክፍል ከሁሉም የጠበበችው ናት፤ አስራ አንድ ተማሪ፣ ስምንት ጠረጴዛ። ሁሉም መካከለኛ ደረጃ ናቸው። መናገር ይችላሉ፣ መሳሳት ግን ያሳፍራቸዋል።

መጽሐፉ እንደሚለው አስተማርኩ። «እኔ» የነበረው «እሱ» ይሆናል። ጊዜው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ነገ» የነበረው «በማግስቱ» ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ቀስት አበዛሁ መሰለኝ፣ ሁሉም ግራ ተጋቡ።

ጋሽ አብዱልሰላም እጃቸውን አወጡ። ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ ውጭ አገር ያሉ ደንበኞቻቸውን ያለ አስተርጓሚ ላናግር ብለው ነው በዚህ ዕድሜያቸው የተመዘገቡት።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ያለውን እንዳለ ማድረስ ነው እንጂ ለምን እንነካካዋለን? እኛ ጋ "እመጣለሁ" ካለ "እመጣለሁ አለ" ነው። አለቀ።»

«እንግሊዝኛ ላይ መልእክተኛው ከራሱ ቦታ ሆኖ ነው የሚያወራው ጋሼ።»

«እንዲያ ከሆነማ ወሬው የመልእክተኛው ሆነ በይኛ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ባቡር ላይ ግን እስከ አያት ድረስ ይኸው ነገር ሲመላለስብኝ መጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ቤት ስገባ እማዬ ወጥ ቤት፣ አባዬ ሳሎን። እንደ ሁልጊዜው። ኮንዶሚኒየማችን ሁለት መኝታ ነው፤ አባዬ ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ስድስት ወር አለፈው። ከእማዬ ጋር ካልተነጋገሩም ያው ስድስት ወር።

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ሬዲዮኑን ካልቀነሰ በመስኮት ነው የምወረውርለት።»

ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን አራት እርምጃ ነው። በአራት እርምጃ ውስጥ እንዲህ ሆነ፦ «አባዬ፣ እማዬን ትንሽ ራሷን አሟታል፣ ሬዲዮኑን ቀንስላት።»

ወዲያው አጠፋው። «ምን ሆነች? ኪኒኗን ወስዳለች?»

ተመለስኩ። «እሺ ብሏል» አልኳት። ስለ ኪኒኑ የጠየቀውን አልነገርኳትም። ለምን? እንጃ... ለምዶብኝ ይሆናል። እሷ ስትሳደብ አለዝባለሁ፣ እሱ ሲጨነቅ አስቀራለሁ። በቀን አስር ጊዜ። ደመወዝ ቢኖረው ሀብታም ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

አባዬ በረንዳ ላይ ጠራኝ። ጫማውን እየቀባ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ማስቲ፣ ለእናትሽ ንገሪያት። ገናን ደብረ ብርሃን፣ እህቴ ጋ ነው የማሳልፈው። ከዚያም እዚያው እቆያለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እዚያው ነው ያልኩሽ።» ብሩሹን አስቀመጠ። «ምናልባት ያን ጊዜ ደስ ይላት ይሆናል። ንገሪያትና ምን እንዳለች ንገሪኝ።»

ምን እንዳለች ንገሪኝ... ሰላሳ አራት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው።

አልነገርኳትም። ዛሬ አይሆንም አልኩ። ምስር ስትለቅም ነበር፤ ጥሩ ስሜት ላይ ናት ብዬ ተውኩት። ደህና ስትሆን እንዳይከፋት እተወዋለሁ፣ ሲከፋት እንዳይብስባት እተወዋለሁ። ታዲያ መቼ ነው የምትነግሪያት አንቺ ሴትዮ?

ሰኞ፣ ኅዳር 29

እንግዲህ ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ግንቦት ላይ እማዬ የዓይን ሞራ ተገፈፈላት። ዶክተሩ «ሁለት ሳምንት ማልቀስ የለም፣ ማጎንበስ የለም» አለ። በሦስተኛው ቀን ከደሴ ተደወለ። ጋሼ ማሞ ሞተ፤ ታላቅ ወንድሟ፣ እንደ አባት ያሳደጋት። አባዬ ስልኩን እንደያዘ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጎረቤት ልጥራና ነገ በማለዳ ትረዳ። በመኪና ይዣት እሄዳለሁ፣ ለቀብሩ እንደርሳለን» አለኝ።

«አይሆንም» ያልኩት እኔ ነኝ። «ዓይኗ ይጠፋል። እስኪሽር አትንገራት።» ሁለቴ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው አለቀስኩበት። ልጅ ሲያለቅስበት አይችልም።

ስልኩ በተደወለ በአስራ ሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡና መርዶውን ነገሯት። አላለቀሰችም መጀመሪያ። «መቼ ተቀበረ?» አለች። ነገሯት። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አየችን፣ በዚያ በተሻለው ዓይኗ። «ማን ነው አትንገሯት ያለው?»

አባዬ እኔን አላየኝም። «እኔ ነኝ ዘርፌ» አለ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ያን ቀን አልከፈትኩም፣ በማግስቱም፣ እስካሁንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

«ነገርሻት?» አለኝ አባዬ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላለችም።»

ሲጠብቅ ቆየ። የቀረ ነገር ያለ መስሎት። «ምንም?»

«ምንም።»

«እሺ» አለና ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አወረደ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው።

ምን ነካኝ? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምን ነካኝ?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬ መልመጃው ቀላል ነበር። ትናንት ቤታችሁ አንድ ሰው ያለውን በእንግሊዝኛ አውሩ። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ሳምራዊት እናቷ ስለ ባል የሚሏትን ሁሉ ደረደረችው፤ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። የግሦቿ ጊዜ ሁሉ ስህተት ነበር፣ አላረምኳትም።

ከዚያ ጋሽ አብዱልሰላም፦ «ቲቸርስ? አንቺ ቤት ምን ተባለ?»

«እናቴ እራት ደርሷል አለች» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አባቴ አመሰግናለሁ አለ።»

ጎበዝ አሉኝ። አጨበጨቡልኝ። ሰዋስው ብቻ ሆኖ እውነት የሌለው ነገር። እማዬ እራቱን ጠረጴዛው ላይ ትታለት መኝታ ቤቷ ገብታ ነበር፤ አባዬ ብቻውን በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ሬዲዮኑን አልከፈተም።

መንገድ ላይ አንድ ክፉ ነገር አሰብኩ። እነሱ ቢነጋገሩ ከሁሉ በፊት የሚያነሱት ያን ነገር አይደል? «ለምን ደበቅከኝ?» «እኔ አይደለሁማ...»። ታዲያ እኔ መሀል የቆምኩት ላስታርቃቸው ነው ወይስ እንዳይነጋገሩ? ሽምግልና መስሎኝ ዘበኛ ሆኜ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ከእማዬ ጋር ሾላ ወረድን፣ ለገና። ጋሽ አብዱልሰላም ሱቅ በር ላይ ሲያዩኝ «ቲቸር!» ብለው ጮኹ። እማዬን ከወንበራቸው ተነስተው አስቀመጧት።

«የቲቸር እናት ከሆኑ ኮረሪማው በስጦታ ነው። ልጅዎ አንድ ቃል አታሳልፍልንም፣ ሁሉን እንዳለ!»

እማዬ ኮራች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

በርበሬ ስታማርጥ ቆየች። ቆንጥራ ቀመሰች፣ ተወችው። ሌላ ቀመሰች። «ለዘብ ያለውን ይስጡኝ። አባትሽ ጨጓራውን ያመዋል» አለች። ወደ እኔ ዞራ አይደለም፣ ለራሷ እንደምታወራ ነው። «ያ ሰውዬ» አላለችም።

ዶሮ ልትሠራለት ነው። እሱ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ሁለቱም አያውቁም፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የገዛነውን ተሸክሜ ስመለስ ክንዴ እስኪደነዝዝ እጅ አልቀየርኩም።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 19

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬን በረንዳ ላይ አገኘሁት። «አልነገርኳትም» አልኩት። «ምንም አላለችም ያልኩህ ውሸቴን ነው። መሄድህን አታውቅም።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ መሄዴን ሰምታ ዝም ያለችኝ መስሎኝ...» አለና አልጨረሰውም። ያኔ ነው የገባኝ፣ ምን እንዳደረግኩት።

«ያኔ በመርዶው ቀን ለምን እኔ ነኝ አልካት?» አልኩት።

«እኔ ባሏ ነኝ። ባል ላይ መቆጣት ያለ ነው። ያላት ልጅ ግን አንቺ ብቻ ነሽ፣ ባንቺ ካዘነች ማን ይቀራታል?» ከዚያ እጄን ያዘኝ። «እንዳትነግሪያት ማስቲ። አለፈ እኮ።»

እንዳትነግሪያት። ይኸው ደግሞ።

ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «እማዬ፣ ጋሼ ማሞ የሞተ ጊዜ አትንገሯት ያልኩት እኔ ነኝ። አባዬ ሊወስድሽ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ቢላዋው ቆመ።

«አንቺ?»

«ዓይንሽ እንዳይጠፋ ብዬ...»

«ዓይኔ!» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜን አንድ እፍኝ አፈር ሳላለብሰው፣ ፊቱን ሳልሰናበተው... ዓይኔን አድነሽ ምን ላይበት ነው ልጄ?»

ይቅርታ አልኩ፣ ትንሽ ቃል ነው። «አባዬም ሊሄድ ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ ለሁልጊዜ። ንገሪያት ካለኝ ሦስት ሳምንቱ ነው» ብዬ ጨመርኩ፣ የተደበቀ ነገር እንዳይቀር።

እጇን ታጠበች። ሳሎን ሄደች። ፊት ለፊቱ ቆመች። ድምፅዋን ሰማሁት፦

«መኩሪያ! ምን ሆነህ ነው ያላልከውን አልኩ ያልከው?»

«ምን ላድርግ ዘርፌ፣ ልጅ ናት...»

«እኔስ? እኔ ማን ነኝ? ስድስት ወር!»

በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የሁለቱም ድምፅ ተቀላቅሎ ይሰማኛል። ቃሉን ላጣራ አልሞከርኩም። የኔ አልነበረም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

እማዬ አታናግረኝም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ተመልሷል። አባዬ ሶፋው ላይ አልተኛም። እማዬ ሳልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሰላም ስላት ከግድግዳ ጋር እንዳወራሁ ነው። ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን አያምም ማለት አይደለም።

እሁድ፣ ጥር 3

ገና አለፈ። ዶሮው ቀርቦ ሦስታችንም በላን፤ ሁለቱ እያወሩ፣ እኔ ዝም ብዬ። አባዬ አንዴ በጉርሻ ሊያስቀኝ ሞከረ። እማዬ አየችው።

ዛሬ ከክፍሌ አልወጣሁም። ነገ የምመልሰውን ፈተና አርማለሁ አልኩ፣ ውሸቴን ነው፣ ትናንት ጨርሼዋለሁ። እማዬ ወጥ ቤት ሆና የሆነ ነገር አለች፤ ምን እንዳለች ሳልሰማ በሩ ተንኳኳ። አባዬ ነው።

«ማስቲዬ፣ እናትሽ ምሳ ደርሷል፣ ነይ ብዪ ብላለች።»

አየሁት። ዓይኑን አሸሸ። አራት እርምጃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«አባዬ... እንዳለችው ንገረኝ።»

«ይኸው ነው ያለችው።»

«እንዳለችው።»

በሩን ተደገፈ። ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብሎ አየ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ነገረኝ።

«"ፊቷን ለማየት ገና አልቻልኩም፤ ጦሟን እንዳትውል ግን ጥራት" ነው ያለችው።»

ተነስቼ ሄድኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወጥ ታወጣለች። አጠገቧ ቆሜ ሳህኔን ዘረጋሁላት። ሳትዞር ሞላችልኝ።